ወፍራሙ ገጽ

ቀጭኔ ከዛፍ ጀርባ መደበቅ እንደማይችል ጫማ ሠሪው የተረዳው በሠላሳ ስምንት ዓመቱ ነው። ያስረዳችው ደግሞ የአሥር ዓመት ልጁ ናት።

መጽሐፉን ያገኘው ሌላ ነገር ሲፈልግ ነበር። የትንሹ ልጅ መዋዕለ ሕፃናት የክትባት ካርድ አምጡ ስላለ፣ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ወንበር ላይ ወጥቶ ከቁም ሣጥኑ አናት ላይ ያለውን ካርቶን አወረደ። እንዲህ ያለ ወረቀት የት እንደሚቀመጥ የምታውቀው ሚስቱ ነበረች። ካርዱ ካርቶኑ ውስጥ አልነበረም። የድሮ የመብራት ደረሰኝ፣ የቆመ የእጅ ሰዓት፣ ጥንድ የሹራብ መሥሪያ፣ ከሁሉም ሥር ደግሞ ጠርዙ የተላላጠ፣ አረንጓዴ ሽፋን ያለው የሥዕል መጽሐፍ ነበረ። ሽፋኑ ላይ አንዲት ቀጭኔ ከልጇ ጋር ቆማለች። ጫማ ሠሪው ካርዱን ረስቶ መሬት ላይ ተቀመጠ።

ልጆቹ ሁለት ናቸው። ትልቋ በቤትም በሱቅም "ዳኛዋ" ነው የምትባለው። ስሙን ያወጣላት አያቷ ነው፤ አፍ ከፈታችበት ቀን ጀምሮ በሁሉም ነገር ፍርድ ትሰጣለች ብሎ። ትንሹ አምስት ዓመቱ ነው፤ እሱን ሁሉም "ጩጬ" ይለዋል። እናታቸው ከሞተች አራት ወር ሆኗታል። ዳኛዋ ታውቃለች። ጩጬ አያውቅም።

ይህ የቤተሰቡ ውሳኔ ነበር። እናትየው ሩቅ ከተማ ሆስፒታል ገብታ ሳትመለስ ስትቀር ጩጬ አክስቱ ቤት ነበር። ይቺው አክስት፣ የሟች ታላቅ እህት፣ በዚያ ሳምንት የጫማ ሠሪውን ክንድ ይዛ፣ "አደራህን ይኼ ልጅ እንዳይሰማ! ሕፃን ምን ይገባዋል? ለሕክምና ሄዳለች በሉት፤ ቀስ እያለ ራሱ ይረሳዋል" አለችው። የተቃወመ ሰው አልነበረም። እሱም አልተቃወመም፤ በዚያ ሳምንት ምንም ቢሉት እሺ ከማለት ሌላ አቅም አልነበረውም። ከዳኛዋ ግን መደበቅ አልተቻለም፤ ስልኩ ሲደወል አጠገቡ ነበረች። ስለዚህ አፏን እንድትይዝ ተነገራት፤ ያዘችም። ሆዷ ሲብሳት መታጠቢያ ቤት ገብታ ቧንቧውን ትከፍታለች። አባቷ በሩ ላይ ይቆምና የሚፈሰውን ውሃ ያዳምጣል፤ አንኳኩቶ ምን እንደሚል ስለማያውቅ ቀስ ብሎ ይመለሳል።

"ምንድን ነው እሱ?" አለ ጩጬ ከበሩ ሥር።

"ና እስቲ። ይኼ የኔ ነበር፤ ያንተን ያህል ሳለሁ።"

"አንተም ጩጬ ነበርክ?"

"እኔማ ካንተ የባስኩ ጩጬ ነበርኩ።"

ጩጬ ይህን ለማመን ጥቂት ጊዜ ወሰደበት፤ ከዚያ መጥቶ ጭኑ ላይ ተደላደለ። ዳኛዋም የቤት ሥራዋን ይዛ ገብታ፣ የማታይ መስላ በትከሻው በኩል ታይ ጀመር።

መጽሐፉ አጭር ነው። ምድሩ ደርቋል። እናት ቀጭኔና ልጇ ውሃ ወዳለበት ወንዝ ይጓዛሉ። ፀሐይ ሲበረታ ትንሹ ቀጭኔ በእናቱ እግሮች መካከል፣ በጥላዋ ውስጥ ይቆማል። ከዚያ አንድ ወፍራም ገጽ አለ። ጫማ ሠሪው ልጅ ሳለ ከመጽሐፉ ሁሉ የሚወደው ይህን ገጽ ነበር፤ እንደ ሌላው አይልፈሰፈስም፣ እንደ ካርቶን ቀጥ ብሎ ይቆማል። አሁንም አውራ ጣቱ ሳያዘው ጠርዙን ዳሰሰው። ፊቱ ላይ ሁለቱ ቀጭኔዎች በምሽት ሜዳ ላይ ይታያሉ። ሲገለበጥ ጀርባው ላይ ወንዝ ነው፤ ትንሹ ቀጭኔ ከሌሎች ቀጭኔዎች መካከል ቆሞ ውሃ ይጠጣል። ወንዙ ወደ ቀጣዩ ገጽ ይሻገራል፤ እዚያ ዳሩ ላይ አንድ ትልቅ ዛፍ አለ። በቃ፤ እዚያ ላይ ያልቃል።

"እናቱስ?" አለ ጩጬ።

"ከዛፉ ጀርባ ናት" አለ ጫማ ሠሪው።

ሳያስብ ነው ከአፉ የወጣው። ድምፁ እንኳ የራሱ አልነበረም፤ የአባቱ ነበር። ከሠላሳ ሦስት ዓመት በፊት እሱ ይህንኑ ሲጠይቅ፣ አባቱ ይህንኑ፣ በዚሁ ቃና ይመልስለት ነበር።

ዳኛዋ እርሳሷን አስቀመጠች። "አባዬ፣ ቀጭኔ እኮ ናት።"

"እና?"

"አንገቷስ? ከዛፉ በላይ መታየት ነበረበት።"

"ጎንበስ ብላ ነው።"

"ምን ልታደርግ?"

"እንጃ... ሣር ልትበላ።"

"ቀጭኔ ቅጠል እንጂ ሣር መች ትበላለች?"

"ተኝታ ነው!" አለ ጩጬ ተናዶ። ነገሩ ገብቶት ሳይሆን፣ እህቱ ያለችውን ማፍረስ ልማዱ ስለሆነ ነው። "ተኝታ ነው፤ ዝም በይ፣ ትቀሰቅሻታለሽ!"

ጫማ ሠሪው ሳቀ። ከአራት ወር ወዲህ ሳይታሰብ የወጣ የመጀመሪያ ሳቁ ነበር። ጩጬ ግን አልሳቀም። ዛፉን ትኩር ብሎ እያየ፣ "መቼ ነው የምትወጣው?" አለ።

"ትወጣለች።"

"መቼ?"

አባት መጽሐፉን ዘጋው። ዳኛዋ ብድግ ብላ ወጣች፤ ወዲያው ቧንቧው ሲከፈት ተሰማ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ መጽሐፉ ከጩጬ እጅ አልወጣም። ቁርስ ላይ ይዞት ይቀርባል። የመጨረሻው ገጽ ላይ ሲደርስ ቅጠሉን ገልብጦ የዛፉን ጀርባ ከወዲያ በኩል ይፈልጋል፤ ከወዲያ በኩል ያለው ባዶ ነጭ ወረቀት ነው። ማክሰኞ ጠዋት ሻዩን ፉት እያለ፣ እንደ ዋዛ፣ "እማዬም ከዛፍ ጀርባ ናት?" አለ።

"ብላ፤ ይረፍድብሃል" አለው አባቱ።

ከቤታቸው እስከ መዋዕለ ሕፃናቱ በመንገዱ ዳር አሥራ አንድ ዛፍ አለ። ከረቡዕ ጀምሮ ጩጬ የአባቱን እጅ ለቆ ወደ እያንዳንዱ ዛፍ ይሮጥ፣ አንዴ ዞሮት ይመለስ ጀመር። ጫማ ሠሪው ጨዋታ መስሎት ነበር፤ ልጁ መሮጥ በመጀመሩም ደስ ብሎት ነበር። ሐሙስ ዕለት ግን ጠጋ ብሎ ሲሄድ ሰማው። ልጁ ዛፉን ዞሮ ሲመጣ ለራሱ፣ በጣም ቀስ ብሎ፣ "እዚህ የለችም" ይላል። ቀጣዩን ይዞራል። "እዚህም የለችም።" አሥራ አንዱንም።

ጫማ ሠሪው ልጁን አስረክቦ ወደ ሱቅ ሲሄድ አንዱ ዛፍ ሥር ቆሞ እንደ ልጁ ዞሮ አየ። የተጣለ የሲጋራ ባኮ ነበር፤ ሌላ ምንም።

ሱቁ ሦስት እርምጃ ስፋት አለው። በአንድ በኩል የመስፊያ ማሽኑ፣ በሌላው የሥራ ጠረጴዛው፣ ከኋላ እስከ ጣሪያ የሚደርስ መደርደሪያ፤ ጫማዎቹ ሶላቸው ላይ በጠመኔ ቁጥር ተጽፎባቸው ተራቸውን ይጠብቃሉ። ማስቲሽ የተቀባውን ሶል የሚያሞቁበት አንዲት ትንሽ የኤሌክትሪክ ምድጃ ጥግ ላይ አለች። ሽማግሌው አባቱ ሰባ ሁለት ዓመቱ ቢሆንም ማለዳ ከፋች እሱ ነው። ሚስማር ጥርሱ ላይ ነክሶ መዶሻውን ሲያነሣ ያየው የአርባ ዓመት ሰው ይመስለዋል።

አርብ ዕለት ዳኛዋ ግማሽ ቀን ተምራ በቀጥታ ሱቅ መጣች። መጽሐፉን ከቦርሳዋ አወጣች፤ ጩጬ ሳያይ ነው ያመጣችው።

"አባዬ፣ እዚህ ላይ አንድ ነገር ጎድሏል" አለች።

"የቱ ጋ?"

"ይኸውልህ። እዚህ፣ ሲመሽ እናት ቀጭኔ ቆመች ይላል። ስትገለብጠው፣ አክስቶቹ ለትንሹ ቀጭኔ መንገድ ለቀቁለት ይላል። አክስቶቹ ከየት መጡ? ከማንም ጋር አልተዋወቁም እኮ። ደግሞ ይኼ ወፍራሙ ገጽ አንድ አይደለም፤ ሁለት ነው። እይ።"

ገጹን አንሥታ አምፖሉ ላይ አስጠጋችው። በወረቀቱ ውስጥ፣ ከሁለቱም በኩል ካለው ሥዕል በስተጀርባ፣ አንድ ሌላ ጥላ ታየ፤ ረጅም ነገር፣ መሬት ላይ የተዘረጋ።

ጫማ ሠሪው ገጹን ተቀብሎ ጠርዙን በጥፍሩ ፈተሸ። ሠላሳ ዓመት ከማስቲሽ ጋር የኖረ ሰው የደረቀ ማስቲሽ አይስተውም፤ በልጅነት ጣቱ ግን አያውቀውም ነበር። ቀና ሲል አባቱ መዶሻውን አስቀምጦ፣ ሚስማሮቹን አንድ በአንድ ከአፉ እያወጣ ነበር።

"ለምን ወፈረ ስልህ፣ ፋብሪካው እንዲህ ነው የሠራው ብለኸኝ ነበር" አለ ጫማ ሠሪው።

"ብዬሃለሁ።"

"አባባ፣ አንተ ነህ?" አለች ዳኛዋ።

ሽማግሌው እጁን በሽርጡ ጠረገ። "እኔ ነኝ።"

መንገድ ላይ አንድ ሰው ዕቃ የጫነ ጋሪ እየገፋ አለፈ።

"እናትህ በሞተች በሁለተኛው ወር ነው" አለ ሽማግሌው፣ ዓይኑን ከጠረጴዛው ሳያነሣ። "አንዲት ደንበኛ ነበረችኝ፤ አስተማሪ ናት። ተረከዙ የተጠገነ ጫማዋን ልትወስድ መጥታ ይቺን መጽሐፍ ሰጠችኝ። ልጅህ እስካሁን አልሰማም አሉ፣ ይቺን አንብብለት፣ ትረዳሃለች አለችኝ። አውቃ ነው ያመጣችው። እዚሁ ቁጭ ብዬ አየኋት። እዚህ ገጽ ላይ ስደርስ..." ሚስማሮቹን ጠረጴዛው ላይ ደረደረ። "የቀረው ሁሉ ደስ ይል ነበር። ይቺን ቦታ ብቻ ማስቲሽ ቀባኋት።"

"እኔን ደግሞ እናትህ ለመዳን አክስቷ ቤት ሄዳለች አልከኝ።"

"አልኩህ። አንተም በላህ፣ ተኛህ፣ አደግህ። ምን ሆንክ? እዚህ ቁጭ ብለሃል። ጩጬንም ተወው፤ አንድ ዓመት ይቆይ።"

"ስማ፣ አባባ" አለ ጫማ ሠሪው። ድምፁን አላነሣም። "ትምህርት ቤት ልታስመዘግበኝ የሄድን ቀን ትዝ ይልሃል? ሰባት ዓመቴ ነው። ጸሐፊዋ እናት ብላ ጠየቀች። አንተ ድምፅህን ዝቅ አድርገህ፣ በሕይወት የለችም አልካት። እኔ ከመስኮቱ ሥር ቆሜ ነበር።"

ሽማግሌው አሁን ቀና አለ። "ሰምተህ ነበር?"

"ሰምቻለሁ።"

"ምንም አላልክም።"

"አንተም ምንም አላልክም። የማስቀይምህ መስሎኝ ነው እንጂ እጠይቅህ ነበር። ከዚያ በፊት ሁለት ዓመት ሙሉ የበሩ ድምፅ በተሰማ ቁጥር እሷ ትሆናለች እያልኩ እነሣ ነበር። ይኼ ልጅ ደግሞ ዛፍ ይዞራል። በየጠዋቱ አሥራ አንድ ዛፍ ይዞራል፣ አባባ።"

ሽማግሌው መዶሻውን አንሥቶ መልሶ አስቀመጠው። ከዚያ፣ "ለአንተ ብዬ ነው እያልኩ ነው የኖርኩት" አለ። "ለአንተ ብዬ አይደለም። ከአፌ ማውጣት አቅቶኝ ነው።"

ዳኛዋ አያቷን አየችው። ፍርድ አልሰጠችም።

ሽማግሌው ተነሥቶ ምድጃዋን ሰካ። መጽሐፉን ከጫማ ሠሪው እጅ ወስዶ ወፍራሙን ገጽ ከሙቀቱ በላይ፣ እንዳይለበልበው አራቅ አድርጎ ያዘው። አሮጌ ሶል ሲያላቅቅ እንደሚያደርገው ይቆይና በጣቱ ይሞክራል፤ እንደገና ያሞቃል። ማስቲሹ ሲለሰልስ ስስ ቢላዋውን በጠርዙ አስገባ። ግማሽ ሰዓት ፈጀበት። ምንም ቢጠነቀቅ ግን ወረቀት እንደ ቆዳ አይሆንም፤ ገጾቹ ሲለያዩ ቡናማ ማስቲሹ የሥዕሉን ግማሽ ይዞ ተነሣ። እናት ቀጭኔ መሬት ላይ ተጋድማለች፤ አንገቷ በአንዱ ገጽ፣ ገላዋ በሌላው ቀርቷል። ትንሹ ቀጭኔ አጠገቧ ቆሞ ወደ ታች ያያል። ከሥዕሉ ሥር የነበረው ጽሑፍ ተላልጦ ሄዷል። የተረፈ አንድም ሙሉ ቃል የለም።

"ምን ይል እንደነበር ታስታውሳለህ?" አለ ጫማ ሠሪው።

"የለም" አለ ሽማግሌው። "እንዳላስታውስ ብዬ አይደል ያጣበቅኩት።"

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ጫማ ሠሪው ጩጬን አምጥቶ ደንበኞች ጫማ የሚለኩበት ወንበር ላይ አስቀመጠው፤ ራሱ ፊት ለፊቱ ተንበረከከ። መጽሐፉን ገልጦ ጭኑ ላይ አደረገለት።

"አዲስ ሥዕል!" አለ ጩጬ። ከዚያ ፊቱ ቀየር አለ። "ማነው የቀደደው?"

"ተጣብቆ ነበር። አባባ ነው ያላቀቀው።"

"ምን ይላል?"

"ጽሑፉ ጠፍቷል። እኔ ልንገርህ።" ጣቱን ሥዕሉ ላይ አደረገ። "እናት ቀጭኔ በጣም ታመመች። መሄድ አቃታት፤ ተኛች። ከዚያ ሞተች። ከዛፉ ጀርባ ናት ያልኩህ ውሸት ነው። እዚያ የለችም።"

ልጁ ሥዕሉን አየ፣ አባቱን አየ።

"እማዬም ሞታለች፣ ልጄ። ታማ ነበር፤ ሆስፒታል ገባች። ሐኪሞቹ ሌት ተቀን ሞከሩ፤ አልቻሉም። ሰውነቷ መሥራት አቆመ። አትመለስም። አንተን ልትተው ፈልጋ አይደለም፤ አንተ ምንም አላጠፋህም። ለሕክምና ሄዳለች ያልኩህ እኔ ነኝ፤ ልክ አልነበረም።"

"አሁን ያማታል?"

"አሁን አያማትም።"

"ማታስ?"

"ማታም አያማትም።"

ጩጬ ወደ እህቱ ዞረ። "አንቺ ታውቂ ነበር?"

ዳኛዋ አባቷን አየች፤ ማንም አላዳናትም። "አዎ።"

"ሳትነግሪኝ?"

"እንዳትናገሪ ተብዬ ነው።"

ጩጬ አጠገቡ ያለውን አንድ እግር የሴት ጫማ አንሥቶ ወረወረባት። ክንዷን መታት። አልሸሸችም። ቆማ፣ ሁሉም እያያት፣ ድምፅ አውጥታ አለቀሰች። ጩጬ፣ "ውሸታም! ሁላችሁም!" ብሎ ጠረጴዛው ሥር ገባና ከቆዳ ቁርጥራጩ መካከል ፊቱን ቀበረ። ጫማ ሠሪው ልጅቷን በአንድ እጁ አቅፎ፣ ሌላውን እጁን ወደ ጠረጴዛው ሥር ዘረጋ፤ ልጁ ገፋው። እጁን ግን አልመለሰም፤ እዚያው ተወው።

አንዲት ደንበኛ ብቅ ብላ፣ "የኔ ደረሰ?" አለች። ሽማግሌው ከበሩ ላይ ቆሞ፣ "ዛሬ አልሆነልንም፣ የኔ እመቤት፤ ሰኞ ብቅ በይ" አላት። ወደ ውስጥ ዓይኗን ጣል አድርጋ፣ ምንም ሳትጠይቅ ሄደች። ሽማግሌው በሩን ገርበብ አድርጎ ምድጃዋን ነቀለ፤ የሚቀመጥባትን ዱካ ስቦ ወደ ልጆቹ ተጠጋ።

ልቅሶው ቀስ በቀስ ወደ ሳግ ተለወጠ። ብዙ ቆይቶ ከጠረጴዛው ሥር አንዲት እጅ የጫማ ሠሪውን ጣት ያዘች።

"ድገመው" አለ ጩጬ።

"ምኑን?"

"የእማዬን።"

ጫማ ሠሪው መሬት ላይ ተቀመጠ። አንዴ መናገሩ ያለቀ መስሎት ነበር፤ ሁለተኛው ከመጀመሪያው ይልቅ ከበደው። "እማዬ ታማ ነበር" አለ። "ሆስፒታል ገባች። ከዚያ ሰውነቷ መሥራት..."

"ሐኪሞቹን ዘለልካቸው" አለ ልጁ ከውስጥ።

ጫማ ሠሪው ይቅርታ ጠይቆ ከሐኪሞቹ ጀመረ።